ራምቦ ያልኖረበት ራምቦ ቤት

ሐረር ጀጎል ገብቶ ራምቦ ቤትን ሳያይ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። ከፈረስ መጋላ ተነስታችሁ ወደ ጊድር መጋላ የሚያወርደውን መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ ትይዛላችሁ። የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ግራና ቀኝ ይንጫጫል። ከዚያ ወደ አንዱ ጠባብ ቅያስ ገባ ስትሉ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ገዝፎ የቆመ ባለ ፎቅ ቤት ታገኛላችሁ። ፊቱ እንጨት ነው። ጣሪያው ሾጠጥ ያለ ነው። አስጎብኚው የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርተር ራምቦ ቤት መሆኑን ይነግራችኋል።

ራምቦ ግን እዚህ ቤት ውስጥ አልኖረም። ሊኖርም አይችልም ነበር። ሐረርን ለመጨረሻ ጊዜ የለቀቀው በ1891 ነው፤ በዚያው ዓመት አረፈ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲብት ነው። ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ራምቦ የተከራየው አሮጌ ቤት እዚሁ ቦታ ላይ ነበር የሚሉ አሉ። ይሁን። ዛሬ የምንወጣው ደረጃ፣ የምንደገፈው መደገፊያና ቀና ብለን የምናየው ኮርኒስ ግን ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ ያሠራው ነው።

የራምቦ ስም ከበሩ ይነሳ አልልም። ስሙ ለከተማዋ ብዙ እንግዳ አምጥቷል። የሚያንገበግበኝ የነጋዴው ታሪክ በባለቅኔው ስም ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። ቤቱን በደንብ ላየው ሰው ስለ ግጥም የሚነግረው ነገር ትንሽ ነው። ስለ ቡና፣ ስለ አቡጀዲ፣ ስለ ግመል ቅፍለት፣ ስለ ውልና ስለ ባቡር ግን የሚነግረው ብዙ ነው። እንዲያውም ሐረር እንዴት እንደበለጸገችና ንግዷ እንዴት ከእጇ እንደወጣ ለማወቅ ከዚህ ቤት የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ነጋዴ ሐረርን ለምን ፈለጋት?

መልሱ ከመልክዓ ምድሩ ይጀምራል። ሐረር ከባህር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ቡናው ደጋው ላይ ይበቅላል። ግመሉ ቆላው ላይ ይኖራል። መርከቡ ዘይላ ወደብ ላይ ይጠብቃል። ደገኛው ከነሸክሙ ወደ በረሃው አይወርድም፤ ግመሉም ገደሉን አይወጣም። ሁለቱ የሚገናኙበት ገበያ ያስፈልጋል። ያ ገበያ ሐረር ነበረች።

ይህ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። ከተማዋን የከበበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ነው የተሠራው። አምስት በሮች ነበሩት። ነጋዴው የሚገባው በእነዚህ ነው፤ ቀረጡንም እየከፈለ ነው። ከተማዋ የራሷ አሚር፣ የራሷ ቋንቋ፣ መሐለቅ የሚባል የራሷ ገንዘብም ነበራት። የሶማሌ፣ የአረብ፣ የኦሮሞና የአርጎባ ነጋዴ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ለአውሮፓዊ ግን በሩ ዝግ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ገብቶ ዐሥር ቀን ቆየ። እስከዚያ ድረስ ገብቶ የጻፈ አውሮፓዊ አልነበረም።

ከ1875 እስከ 1887 ባሉት 12 ዓመታት ውስጥ ግን ሦስት ጊዜ ነገር ተገለባበጠ። በ1875 የግብፅ ጦር ሐረርን ያዘ። በ1885 ግብፆች ሱዳን ውስጥ የማህዲ አመፅ ሲበረታባቸውና እንግሊዝ ስትጫናቸው ጥለው ወጡ። አሚር አብዱላሂ ስልጣኑን ቢይዝም ብዙ አልቆየም። በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ጦር አሸነፈው። ሐረር የምኒልክ ሆነች። ራስ መኮንን ገዥዋ ሆኑ። ለሐረሪው ይህ የነፃነት ማጣት ታሪክ ነው። በሐረሪ ቤት ወለልና መደብ ላይ የሚቀባው ቀይ አፈር የጨለንቆን ደም ያስታውሳል ይባላል። ለውጭ ነጋዴ ግን ሁለቱም ድል አድራጊዎች በሩን ከፈቱለት። ግብፆች ሲገዙ የአውሮፓ ንግድ ቤቶች ገቡ። ምኒልክ ሲገዙ ደግሞ ህንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ በብዛት ተከተለ።

ራምቦም በዚህ በር የገባ ነጋዴ ነው

አርተር ራምቦ ስሙን የተከለው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ በጻፋቸው ግጥሞች ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላው ገደማ መጻፉን እርግፍ አድርጎ ተወው። ከዚያ አገር ለአገር ሲዞር ቆይቶ በ1880 የየመን ወደብ ኤደን ደረሰ። አልፍሬድ ባርዴ የሚባል ፈረንሳዊ የቡና ነጋዴ ቀጠረውና ወደ ሐረር ላከው። ከዘይላ ተነስቶ በሶማሌ በረሃ ሃያ ቀን በፈረስ ተጉዞ ታኅሣሥ 1880 ሐረር ገባ። ዕድሜው 26 ነበር።

ሐረር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። የመጀመሪያው እስከ 1881 መጨረሻ ነው። ሁለተኛው ከ1883 እስከ 1884። ሦስተኛውና ረጅሙ ከ1888 እስከ 1891። በመጨረሻው ጊዜ ለራሱ ይነግድ ነበር፤ ዕቃውን ኤደን ካለ ሴዛር ቲያን ከሚባል ነጋዴ ጋር ይለዋወጣል። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሙጫና ዝባድ ይልካል። ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ያስመጣል። በመሃል ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ እንጦጦ ድረስ ሄዷል። ያን ጊዜ ግን ትርፍ ይዞ አልተመለሰም። ባሪያ ይሸጥ ነበር የሚል ወሬም ለረጅም ጊዜ ተከትሎታል፤ ተመራማሪዎች ቢፈልጉም ማስረጃ አላገኙለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ነበር። ራሱን ሦስት ቦታ ላይ አንሥቶ ፎቶዎቹን ለቤተሰቡ ላከ። አንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ ነው። አንዱ በቡና ማሳ ውስጥ ነው። ሦስተኛው በሙዝ ማሳ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ነው። አብሮ በላከው ደብዳቤ ላይ ፎቶዎቹ የነጡት ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ጽፏል። እነዚያ የደበዘዙ ፎቶዎች ዛሬም አሉ። የሰውየውን ፊት በቅጡ አታዩትም። ቡናውን ግን ታያላችሁ።

በ1891 ጉልበቱ ላይ ክፉ ሕመም ያዘው። መራመድ አቃተው። ሚያዝያ ላይ ዐሥራ ስድስት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ አወረዱት። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ። ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ያን ጊዜ አልነበረም።

ቅፍለቱ እንዴት ይሠራ ነበር?

የነጋዴውን ቤት ለመረዳት ነጋዴው የሚጨነቅበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ትልቁ ጭንቀት መንገዱ ነው።

ቡናው ከሐረር ሲነሳ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ጊልዴሳ ሲደርስ ይራገፋል። እዚያ ግመል ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ያለው በረሃ የኢሳ ሶማሌዎች አገር ነው። ማንም ነጋዴ ብቻውን አያልፍም። አባን ያስፈልገዋል። አባን ማለት ከአገሩ ሰው የሆነ፣ መንገድ የሚመራ፣ ደኅንነቱንም ዋስ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ነው። ለአባኑ፣ ለግመል ባለቤቱ፣ ለጠባቂው፣ ለቀረጡ ሁሉ ይከፈላል። ዘይላ ሲደረስ ዕቃው በጀልባ ወደ ኤደን ይሻገራል። ኤደን ላይ ትልልቁ መርከብ ይረከበዋል። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ኤደን የዓለም መርከብ ሁሉ የሚያልፍባት ወደብ ሆና ነበር።

ገንዘቡ ራሱ ጭነት ነበር። በዚያ ዘመን ትልቁ መገበያያ ማርትሬዛ ነው፤ ጠገራ ብር። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል። አንድ ሺህ ብር ማለት 28 ኪሎ ነው። ዐሥር ሺህ ብር ይዤ ልሂድ ቢል ነጋዴው 280 ኪሎ ብር በግመል መጫኑ ነው፤ ያውም ሽፍታ ባለበት መንገድ። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ ብር ይዞ አይመጣም። ጨርቅ ይዞ ይመጣል፣ ቡና ይዞ ይመለሳል። ግመሉም በሁለቱም ጉዞ ባዶውን አይሄድም። ትርፉ ያለው ከሁለቱም ጫፍ ነው።

እዚህ ላይ ነው ህንዱ ነጋዴ የሚበልጠው።

ህንዶቹ ከየት መጡ?

አብዛኞቹ ከምዕራብ ህንድ፣ በተለይ ከጉጃራት አካባቢ የመጡ ናቸው። ከመካከላቸው ቦህራ የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ጎልተው ይታወቃሉ። ከቦምቤይ እስከ ኤደን የሚወስደውን የባህር መንገድ ከአውሮፓውያን በፊት ያውቁታል፤ አባቶቻቸው በወቅት ነፋስ ሸራ ዘርግተው ሲመላለሱበት ኖረዋል። ኤደን ከ1839 ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ እነሱም የእንግሊዝ ግዛት ዜጎች ስለነበሩ እዚያ እንደ ቤታቸው ነበሩ። ቦምቤይ ውስጥ የጨርቅ ፋብሪካዎች ተከፍተዋል። ሐረር ሱቅ ያለው ነጋዴ ኤደን ወንድም፣ ቦምቤይ አጎት አለው። ዕቃው በዱቤ ከእጅ ወደ እጅ ይመጣለታል። እሱም ለትንንሹ ነጋዴ በዱቤ ይሰጣል። ሒሳቡ የሚወራረደው ቡናው ሲደርስ ነው።

አውሮፓዊው ነጋዴ ይህን የዘመድ መረብ አልነበረውም። ደሞዝ የሚከፈለው ወኪል ይልካል። ወኪሉ አገሩን ይናፍቃል፣ ይታመማል፣ ይሰለቻል። የራምቦ ደብዳቤዎች በዚህ ምሬት የተሞሉ ናቸው። ህንዱ ግን ሰፈረ። ቤት ሠራ።

ከእነዚህ ነጋዴዎች ስሙ በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀው መሐመድ አሊ የሚባለው ንግድ ቤት ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሐረር ላይ ጀመረ። በኋላ አዲስ አበባንና ሌሎች ከተሞችን አዳረሰ። ጨርቅ፣ ምስማር፣ ሳህን፣ ሽቶ፣ የማይሸጠው ነገር አልነበረም ይላሉ የድሮ ሰዎች። ህንዶቹ በንግድ ብቻም አልተወሰኑም። አዲስ አበባ ላይ ለምኒልክ ብዙ ሕንፃ የሠራው ሐጂ ቀዋስ የሚባለው ግንበኛ ከዚያው ከህንድ የመጣ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተማረ ሰው ህንድ ሲባል ትዝ የሚለው አስተማሪ ነው። ከአስተማሪው በፊት ግን ግንበኛውና ባለሱቁ ነበሩ።

ባለሱቁ ዋነኛ ዕቃው ጨርቅ ነበር። አቡጀዲ መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ ይመጣ ነበር። ከዚያ የቦምቤይ ጨርቅ ተፎካከረው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጃፓን ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ጠቀለለው። መኪና ግርግር ላይ ዛሬም ጨርቅ ሻጩና ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ናቸው። ጨርቁን ትገዛላችሁ፣ እዚያው ለኩታችሁ ታሰፋላችሁ። ራምቦ ቤት ከዚህ መንገድ ጥግ መቆሙን ሳስብ ነጋዴው ቦታውን ያለ ምክንያት የመረጠው አይመስለኝም።

አሁን ቤቱን እንየው

መጀመሪያ ጎረቤቶቹን ማየት ይሻላል። የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር የሚሉት፣ ለመንገዱ ጀርባውን የሰጠ ቤት ነው። ከውጭ የሚታየው ወፍራም የድንጋይ አጥርና አንድ በር ነው። በሩን አልፋችሁ ግቢ ትገባላችሁ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ በእንጨትና በጭቃ የተመታ። ዋናው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ በወግ የተደለደለ ነው። ግድግዳው ላይ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ፤ ሰፌዱና ጎድጓዳ ሳህኑ ግድግዳውን ይሞላዋል። ውበቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ነው። ቤቱ የተሠራው ለቤተሰብና ለቤተሰቡ እንግዳ ነው። መንገደኛ ምንም አያይም።

ራምቦ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። ቅርጹ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ፎቅ አለው። በረንዳ አለው። መስኮቱ ብዙና ትልቅ ነው። ላይኛው ክፍል ስትወጡ ባለቀለም መስታወት ታገኛላችሁ። በቀዩ መስታወት ጀጎልን ስታዩ ከተማው ሁሉ የመሸበት ይመስላል። ቀና ስትሉ ኮርኒሱ በሥዕል ያጌጠ ነው። እንጨቱ ተጠርቧል፣ ተቀርጿል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ነው፤ ደግሞም እንዲታይ ነው የፈሰሰው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ነጋዴ መታየት አለበት። በዱቤ የሚሰጠውና የሚቀበለው ሰው ስሙን ብቻ አይቶ አያምነውም፤ ቤቱንም ያያል። ትልቅ ቤት ያለው ሰው ነገ ተነስቶ አይጠፋም። ይህ የእኔ አተያይ ነው። ነገር ግን በሐረር ያሉትን የህንድ ቤቶች ሁሉ ላየ ሰው ሌላ ምክንያት መፈለግ የሚከብደው ይመስለኛል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢያቸው አዙረው በረንዳቸውን ዘርግተው ነው የቆሙት።

ዩኔስኮ በ2006 ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን ዓይነት ቤት ለይቶ ጠቅሶታል። ከሐረሪው ቤት ቀጥሎ ከ1887 በኋላ በመጡት ህንድ ነጋዴዎች የተጀመረ አንድ የቤት ዓይነት አለ። ሦስተኛው ሁለቱ የተዋሐዱበት ነው። ይህ ሦስተኛው ይበልጥ ይማርከኛል። ሐረሪው የህንዱን ፎቅና በረንዳ ወሰደ፤ ውስጡ ግን ነደባውን አልተወም። አንዱ ያንዱን አይቶ፣ የሚጠቅመውን መርጦ፣ የራሱን ጠብቆ ሲሠራ የሚወጣው እንዲህ ያለ ቤት ነው።

ባቡሩ ሐረርን አልፏት ሄደ

አሁን ግራ ወደሚያጋባው ነገር ደረስን። ይህ ቤት በተሠራበት ሰሞን የሐረር ንግድ ትልቁን ዱላ ቀምሷል።

ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ግንባታው በ1897 ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ግን ሽቅብ ሲያዩ ተራራው አስፈራቸው። ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። ሐዲዱን ወደ ሐረር ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይበላል። ኩባንያው ደግሞ ገንዘብ ያጥረው ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ቀረ። በታኅሣሥ 1902 ባቡሩ ከሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሜዳ ደረሰ። ቦታው መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት።

ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅፍለት ሳምንታት ይፈጅበት የነበረው ጉዞ የባቡር የቀን መንገድ ሆነ። የዘይላ ወደብ ተዳከመ። ጊልዴሳ ግመሏን አጣች። ትልልቆቹ ንግድ ቤቶች መጋዘናቸውን ወደ ሐዲዱ አጠገብ አወረዱ። ፈረንሳዮቹ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር በቀጥታ መንገድ ሸንሽነው ሠሩ። ሐረር ከደጋና ከቆላ ማገናኛነቷ ወርዳ የድሬዳዋ አቅራቢ ሆነች።

ታዲያ ነጋዴው ለምን ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ቤት ሠራ? ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛው፣ ገበያ በአንድ ቀን አይፈርስም። ቡናው አሁንም የሚሰበሰበው ሐረር ዙሪያ ነው። ገዥው የሚቀመጠው ሐረር ነው። ወታደሩ፣ ሹሙ፣ ባለጉዳዩ ሐረር ነው፤ ሁሉም ጨርቅ ይገዛል። ጅምላው ድሬዳዋ ቢወርድም ችርቻሮው ሐረር ቀረ። አየሩም አለ፤ ከድሬዳዋ ሙቀት የሐረርን ብርድ የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው የሚገርም ነው። ባቡሩ ንግዱን ሲወስድ የግንባታ ዕቃን አቀረበ። መስታወት፣ ቆርቆሮ፣ ረጃጅም የተላገ እንጨት፣ እነዚህ በግመል ጀርባ በረሃ ማቋረጥ የሚወዱ ዕቃዎች አይደሉም። ከ1902 በኋላ ግን ድሬዳዋ ድረስ በባቡር ይመጣሉ። የቀረው ዳገቱ ብቻ ነው። ባለቀለም መስታወቱን ሳይ ሁሌም የሚታሰበኝ ይህ ነው። ሐረርን ያደኸየው ባቡር ይህን ቤት ሳያስውበው አልቀረም።

ሦስተኛው ሕግ ነው። በጥር 1908 ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር አንድ ውል ተዋዋሉ፤ ክሎቡኮቭስኪ በሚባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ስም ይጠራል። ውሉ ለውጭ ዜጎች ትልቅ መብት ሰጠ። ክርክር ሲኖራቸው በቆንስላቸው በኩል እንዲዳኙ ፈቀደ። በሚያስገቡት ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥም ከ10 በመቶ እንዳያልፍ አሰረ። ሌሎቹ መንግሥታትም ለዜጎቻቸው ይህንኑ ጠየቁ። የእንግሊዝ ግዛት ዜጋ የነበረው ህንዱም ተጠቃሚ ሆነ። ይህ ውል ለኢትዮጵያ ሉዓላዊነት እሾህ ነበር፤ መንግሥትን ለብዙ ዓመታት ያነታረከ ጉዳይ ሆኗል። ለነጋዴው ግን ዋስትና ነው። ንብረቴን ማንም በዘፈቀደ አይነጥቀኝም ብሎ የሚያስብ ሰው እንጨቱን ያስቀርጻል፣ ኮርኒሱን በሥዕል ያስጌጣል።

ከባለሱቁ በኋላ

በ1936 ጣሊያን ሐረርን ያዘ። እንግሊዝ ዜጎቼ ናቸው ከምትላቸው ነጋዴዎች ጋር የጣሊያን አስተዳደር አልተስማማም። መሐመድ አሊ ንግድ ቤት በ1937 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ትልልቆቹ ሱቆች ተዘጉ። ከነፃነት በኋላ የተመለሰ ህንድ ነጋዴ አለ፤ ያ የድሮው መረብ ግን እንደ ነበረው አልተጠገነም። ቤቶቹ በሽያጭ፣ በኪራይ፣ በሹመት ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ።

ቀጥሎ የመጣው በሐረር ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ያሉ የድሮ ንግድ ቤቶችን የነካ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ይይዛል፤ ሌላው ትርፍ ነው። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ እንዲያስተዳድረው ተደረገ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ለቤቱ ግን ጥሩ አልሆነም። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አያድሰውም። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ምስማር እንኳ አይገዛም። አንድ ትልቅ የነጋዴ ቤት ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ ይከፋፈላል። በረንዳው በቆርቆሮ ይዘጋና ማዕድ ቤት ይሆናል። የተቀረጸው እንጨት በጭስ ይጠቁራል። ጎንደር፣ ደሴ፣ ጎሬ፣ የትም ብትሄዱ ይህን ታያላችሁ። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ብዙ ጊዜ ዝናቡን እንወቅሳለን። ጣሪያውን ማን ማደስ ነበረበት ብለን ብንጠይቅ የበለጠ ይገባናል።

ራምቦ ቤት ከዚህ የተረፈው በስሙ ነው። የራምቦ ዝና በአውሮፓ እያደገ ሲሄድ ፈለጉን ፍለጋ ሐረር የሚመጣው ሰው በዛ። የሚያሳዩት ቤት አስፈለገ። ራምቦ የነበረባቸው ቤቶች በቅጡ የሚታወቁ አልነበሩም። ይህ ግን ነበር፤ ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ታሪኩም ከዚያ ዘመን ብዙ አይርቅም። ሰው የራምቦ አለው፣ ስሙም ጸና። በኋላ ታደሰና ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ዛሬ ውስጡ ስለ ራምቦ የሚናገሩ ጽሑፎች አሉ። ከእነሱ ይልቅ እኔን የሚያቆሙኝ ግን የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች ናቸው፤ ገበያው፣ በሮቹ፣ ሰዎቹ። ራምቦ ራሱ ያነሳቸውም አሉበት።

የባሰ ነገር ሊሆን ይችል እንደነበር አውቃለሁ። የተሳሳተ ስም ባይሰጠው ኖሮ ምናልባት ዛሬ አይኖርም ነበር። ቢሆንም አሁን ቤቱ ድኗል። ከክፍሎቹ አንዱን ለነጋዴው መስጠት የሚያስቸግር አይመስለኝም። አንድ ጥቅል አቡጀዲ፣ አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ጠገራ ብር፣ ከሐረር እስከ ቦምቤይ የሚያሳይ ካርታ። የሐረር ልጆች ትምህርት ቤታቸው ሲያስጎበኛቸው ይህ ቤት በሩቅ አገር ባለቅኔ ብቻ ሳይሆን በአያቶቻቸው ቡና እንደተሠራ ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ቤቱ ብቻውን አይደለምና ሐረር የምትሄዱ ሰዎች እዚያ ላይ አታቁሙ። ከራምቦ ቤት ብዙ ሳትርቁ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ታገኛላችሁ። ዛሬ የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ያለበት ነው። በ1910 የሐረርጌ ገዥ ሆነው የተሾሙት ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ኖረውበታል ይባላል። እሱንም ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። መግቢያው ላይ ያለውን የእንጨት ቅርጽ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ ስትመለሱ አንገታችሁን ቀና አድርጉ። ምድር ቤቱ ዛሬ ሞባይል ወይም ጫማ ይሸጥበታል። ፎቁ ላይ ግን በረንዳውና የእንጨት መደገፊያው አለ። ከአንዱ በረንዳ በታች ነደባ ያለው ክፍል ካለ ደግሞ ሦስተኛውን ዓይነት ቤት አገኛችሁ ማለት ነው። ባለቤቶቹን በአክብሮት ከጠየቃችሁ ብዙዎቹ ግቡ ይሏችኋል።